ካሜራውን የያዘው ማን ነው?
ፎቶግራፍ ስለ ማንነታችን ምን ይናገራል

ይህን የዓመት መጽሔት የሚያገላብጥ ሰው ከጽሑፉ አስቀድሞ የሚያየው ፎቶግራፉን ነው። ተማሪዎቻችን መጽሔቱ እጃቸው እንደገባ መጀመሪያ የራሳቸውን ፎቶ፣ ቀጥለው የጓደኞቻቸውን ይፈልጋሉ። ወላጆችም የልጆቻቸውን ገጽ ከፍተው ለዘመድና ለጎረቤት ያሳያሉ። ስለዚህ ዘንድሮ በዚህ ዓምድ ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት ማለት ወደድን። ፎቶግራፍ የተነሺውን መልክ ብቻ ሳይሆን የአንሺውን ባህልና የፖለቲካ ማንነት ጭምር እንዴት እንደሚናገር፣ ከአገራችንና ከምንኖርባት ከናይሮቢ ታሪክ በወሰድናቸው ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ልጆቻችን ከሌላ አገር ልጆች ጋር ሲተዋወቁ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ካሉ በኋላ የሚሰሙትን ጥያቄ ያውቁታል። አንዱ ስለ ሯጮቻችን ይጠይቃል፤ ሌላው ስለ ረሃብ። ጠያቂው ኢትዮጵያን አላያት ይሆናል፤ የኢትዮጵያን ፎቶግራፍ ግን አይቷል። ያ ፎቶግራፍ ልጃችን አፉን ሳይከፍት ስለ እርሱ ተናግሯል ማለት ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍን ማንበብ መቻል ፊደል ከመለየት የማይተናነስ ትምህርት ነው ብለን እናምናለን።

ፎቶግራፍ መስታወት አይደለም

ብዙዎቻችን «ካሜራ አይዋሽም» እንላለን። ካሜራው ፊት ለፊቱ የሌለውን ነገር በራሱ አይፈጥርም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ካሜራውን የያዘው ሰው እያንዳንዷን ነገር ይመርጣል። የት ይቁም? ምን ከምስሉ ውስጥ ይግባ፣ ምን ውጭ ይቅር? መቼ ያንሳ? ካነሣቸው መቶ ፎቶዎችስ የትኛውን ያሳትም? ከሥሩ ምን ብሎ ይጻፍ?

አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ቡና እያፈሉ ነው እንበል። አንዱ አንሺ ከላይ ቆሞ ያነሣቸዋል፤ እናትየው አጎንብሰው፣ ጭሱ ሸፍኗቸው፣ ትንሽ ሆነው ይታያሉ። ሌላው በርጩማ ስቦ ከአጠገባቸው ይቀመጥና በዓይናቸው ትክክል ሆኖ ያነሣል፤ የቀሚሳቸው ጥለት፣ የሲኒዎቹ አደራደር፣ ፊታቸው ላይ ያለው ጨዋታ ይታያል። ሁለቱም ፎቶዎች እውነት ናቸው። የመጀመሪያውን ያየ ሰው ግን «ምስኪን» ይላል፤ ሁለተኛውን ያየ «የቤቱ እመቤት» ይላል። ልዩነቱን ያመጣው አንሺው የቆመበት ቦታ ነው።

የባህል ማንነት የሚገለጸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ምንን ክብር፣ ምንን ውበት፣ ምንን ነውር አድርጎ እንዳደገ በምርጫዎቹ ይታወቃል። የፖለቲካ ማንነት ስንልም የፓርቲ አባልነትን ማለታችን አይደለም። ስለ ማን፣ ማን ይናገራል? የማን ፊት ይከበራል፣ የማንስ ይረሳል? እነዚህ የሥልጣን ጥያቄዎች ናቸው፤ ፎቶግራፍ አንሺም ቢያስብበት ባያስብበት በእያንዳንዱ ምስል ይመልሳቸዋል።

ከጉርድ ፎቶ እስከ ፎቶ ቤት

ለመታወቂያና ለፓስፖርት የምንነሣውን ጉርድ ፎቶ እናስብ። ጀርባው ነጭ፣ ፊት ቀጥ ያለ፣ ሳቅ የለም። ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ይነሣል፤ ፎቶውን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ማወቅ የሚሻው «ይህ ሰው የትኛው ነው?» የሚለውን ብቻ ነውና። እኔ ማን ነኝ የሚለው ጥያቄ እዚያ ቦታ የለውም።

አሁን ደግሞ ወላጆቻችንና አያቶቻችን በየከተማው ፎቶ ቤት የተነሡትን እናስታውስ። ከኋላቸው በቀለም የተሣለ መጋረጃ፣ ከጎናቸው የፕላስቲክ አበባ፣ እጃቸው ወንበር መደገፊያ ላይ፣ ሰዓታቸው ከእጅጌ ወጣ ብሎ። አንዳንዶች በዚህ ይስቃሉ። እኛ ግን በአክብሮት እንድታዩት እንጋብዛለን። ከፍሎ የሚነሣው ሰው «እንዲህ ሆኜ ልታይ» ብሎ የመረጠበት ቦታ ነውና።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሴይዱ ኬይታ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፈተ። ከተነሺዎቹ ጀርባ ያጌጠ ጨርቅ ይዘረጋ ነበር፤ መጀመሪያ የተጠቀመበት የራሱን የአልጋ ልብስ ነው። ደንበኞቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሬዲዮ ወይም የእጅ ሰዓት ይዘው ይነሡ ነበር። አገሪቱ ገና በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ቅኝ ገዢዎች የአፍሪካን ሰው ሲያነሡ ብዙ ጊዜ እንደ ናሙና፣ ስም አልባ አድርገው ነው። በኬይታ ፎቶዎች ውስጥ ግን ሰዎቹ የከተማቸው ባለቤት ሆነው ተቀምጠዋል። በምስሉ ውስጥ መፈክርም ሰንደቅ ዓላማም የለም፤ ሆኖም የፖለቲካ ቃል አለበት።

በኢትዮጵያ ደግሞ የፎቶግራፍን ኃይል ቀድመው ከተረዱት መካከል ነገሥታቱ ነበሩ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ተከትለው ከእርሳቸው በኋላ ለነገሡት ሠርተዋል። ዘውድ፣ ካባ፣ ዙፋን ሁሉም በምስሉ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይዘው የንጉሡን ሥልጣን ይመሰክራሉ። አስቡት፤ በዚያን ዘመን ስንት ገበሬ፣ ስንት ሸማኔ፣ ስንት እናት አንድም ፎቶ ሳይኖራቸው አልፈዋል። በምስል መታየት ራሱ የሥልጣን ምልክት ነበር።

የ77ቱ ምስል

አሁን ወደ ከባዱ ምሳሌ እንምጣ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መሆኑ ነው፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም የተቀረጸ ፊልም በቢቢሲ ታየ። ዘገባውን ያቀረበው ማይክል በርክ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነበር። ካሜራውን የያዘው ግን የዚህችው የናይሮቢ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ የተወለደው ሞሐመድ አሚን ነው።

ያ ፊልም ዓለምን አናወጠ። በሚቀጥለው ዓመት «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ፤ እርዳታ ጎረፈ፤ የብዙ ወገኖቻችን ሕይወት ተረፈ። ይህን ውለታ መርሳት አይገባም። ሞሐመድ አሚን አፍሪካዊ ነበር፤ የሰውን ሥቃይ ለመሸጥ የመጣ እንግዳ አድርገን ልንስለው አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጦር መሣሪያ መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ ሳለ አንድ እጁን አጥቷል። በ1996ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አልፏል። የእርሱ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር እስከ መጨረሻው ተሳስሯል።

ይሁንና ያው ምስል ሌላም ነገር አድርጓል። የአንድ ዘመን መከራ የአገሪቱ ቋሚ መልክ ሆኖ ቀረ። ፎቶግራፍ የደረሰውን ያሳያል፤ ለምን እንደደረሰ ግን በራሱ አይናገርም። ከድርቁ ጋር ጦርነት እንደነበረ፣ ረሃቡ እየበረታ ሳለ መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ያከብር እንደነበረ ከሰዎቹ ፊት ላይ ማንበብ አይቻልም። የሰዎቹ ስምም አይታይም። ምክንያቱ ከምስሉ ውጭ ሲቀር፣ ተመልካቹ ረሃቡን የሰዎቹ ተፈጥሮ አድርጎ ይወስደዋል።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በዚያው ረሃብ ጊዜ የካናዳ ቴሌቪዥን ባልደረቦች በሞት አፋፍ ላይ ያለች አንዲት ሕፃን ቀርጸው ነበር። ምስሏ በላይቭ ኤይድ ላይ ለዓለም ታየ። ያቺ ልጅ ብርሃን ወልዱ ትባላለች፤ አልሞተችም። አድጋ፣ ግብርና ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን በተደረገው «ላይቭ ኤይት» መድረክ ላይ በሕይወት ቆማ ታይታለች። ምስሉ አንድ ቅጽበት ነበር፤ የእርሷ ሕይወት ግን ከዚያ በኋላም ቀጠለ። ማንኛውንም የመከራ ፎቶ ስናይ «ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ምን አለ?» ብለን እንድንጠይቅ የሚያስተምረን ይህ ነው።

ዓለም ዘጠኝ ናት

እንዲህ ያለው ምስል በዓለም ላይ በተሰራጨባቸው ዓመታት ከአገር ውጭ ካደጉት ልጆች አንዷ አይዳ ሙሉነህ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ከአገር ወጥታ በየመንና በቆጵሮስ ኖረች፤ ከዚያም ወደ ካናዳ ሄደች። በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምራ በ2000 ተመረቀች፤ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም በፎቶግራፍ አንሺነት ሠርታለች። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ በ2010 «አዲስ ፎቶ ፌስት» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች። አፍሪካ በውጭ ሰዎች ምስል ብቻ መታወቋን መለወጥ እንደምትፈልግ በተደጋጋሚ ተናግራለች።

እንዴት ለወጠችው? ብዙ ሰው የሚጠብቀው ረሃቡን የሚያስተባብል ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ ነው፤ ለምለም መስክ፣ አዲስ ሕንፃ፣ ፈገግ ያለ ሕፃን። አይዳ ይህን አላደረገችም። ሴቶችን በደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ታለብሳለች፤ ፊታቸውን በነጭ ወይም በሰማያዊ ቀለም ትቀባለች፤ እንደ ቲያትር መድረክ በተሰናዳ ቦታ ታቆማቸዋለች። ፊትንና ገላን በቀለም ማስጌጥ በደቡብ ኢትዮጵያና በሌሎችም የአፍሪካ አካባቢዎች የቆየ ባህል ነው። እርሷ ግን እንዳለ አልቀዳችውም፤ የራሷ ቋንቋ አደረገችው።

ዓይኖቹንም እንመልከት። በብዙዎቹ ምስሎቿ ሴቶቹ ቀጥ ብለው ወደ ተመልካቹ ያያሉ። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን እያየ ያደገ ሰው ፊት ለፊት የሚያይ ገጽ ምን ክብር እንዳለው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የባህል ማንነት ማለት ይህ ነው። ጥበብ ቀሚስ ማልበስ ብቻ አይደለም፤ ዓይን እንዴት እንደሚታይ ከልጅነት የተማርነው ነገር ጭምር ነው።

በ2016 ያቀረበችው የፎቶግራፍ ስብስብ ስሙ «ዓለም ዘጠኝ ናት» ነው። ስያሜውን የወሰደችው ከአያቷ አባባል ነው። እኛም ከየአያቶቻችን የሰማነው ነው፤ ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አሥር ሞልታ አታውቅም። ይህች አጭር አባባል በየዓለሙ ታላላቅ ከተሞች ተተርጉማ ስትነበብ ማየት ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። በየመንም በካናዳም ያደገች ሴት ለሥራዋ ስም ስትፈልግ ያገኘችው የአያቷን ቃል ነው። ተማሪዎቻችን ቤት ውስጥ የሚሰሙት ተረትና ምሳሌ አንድ ቀን ምን እንደሚጠቅማቸው አሁን ላያውቁ ይችላሉ። ቢሆንም ያኑሩት።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ እኮ ችግራችንን መሸፈን ነው» ሊሉ ይችላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በ2018 «ዋተርኤይድ» ለተባለው ድርጅት በሠራችው ሥራ ውስጥ ይገኛል። የሥራው ጉዳይ የውኃ ችግር ነው፤ በተለይም ውኃ ቀድተው በጀርባቸው የሚሸከሙ ሴቶች ድካም። ያነሣችው በአፋር፣ ከምድራችን እጅግ ሞቃታማ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ በሆነው በዳሎል ነው። ሴቶቹ የውኃ መያዣ ይዘው በዚያ ደረቅ መሬት ላይ ይታያሉ፤ ግን ደማቅ ልብስ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው። ተመልካቹ ችግሩን በሚገባ ያያል። ሰዎቹን ግን ዝቅ አድርጎ ማየት አይችልም።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው በ2020 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ፣ ኦስሎ የሚገኘው የኖቤል የሰላም ማዕከል ለኤግዚቢሽኑ ፎቶግራፍ እንድትሠራ የጋበዘው አይዳ ሙሉነህን ነበር። ርእሱም ረሃብ በጦርነት ውስጥ እንደ መሣሪያ ማገልገሉ ነው። እንግዲህ የ77ቱ ምስል ከቀረበ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያዊት አርቲስት ስለ ረሃብ እንድትናገር ተጠየቀች ማለት ነው። እርሷም የተራበ ሰው ብቻ አላሳየችም፤ ከረሃቡ በስተጀርባ የሰው እጅ እንዳለ አሳየች። ያ የመጀመሪያው ምስል ሊናገረው ያልቻለው ምክንያቱን ነበርና፣ የፖለቲካ ማንነት በጥበብ ሲገለጽ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ሚካኤል ፀጋዬና የሚፈርሰው ሰፈር

ማንነትን ለመግለጽ ደማቅ ቀለም ግዴታ አይደለም። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል የተማረ ነው። የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። ከሥራዎቹ አንዱ «የወደፊት ትዝታዎች» የሚል ስያሜ ያለው ሲሆን፣ አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ አዲስ ሕንፃ የሚወጣባትን አዲስ አበባ ያሳያል። በሌላ ሥራው ደግሞ መቃብር ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶዎች መልሶ አንሥቷል።

ሚካኤል በእነዚህ ሥራዎቹ «ልማት ይቁም» አላለም፤ «ልማት እንኳን መጣ» ብሎም አላጨበጨበም። የሚሄደውን ነገር ቆሞ አየ፣ መዘገበው። ሰፈር ማለት ለእኛ ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ዕድር ነው፣ ቡና መጠራራት ነው፣ የልጅ ቅጣት ለጎረቤት የሚፈቀድበት ቦታ ነው። ሰፈሩ ሲበተን ይህ ሁሉ ይበተናል። «ይህ ነበር» ብሎ መመስከርም የፖለቲካ ቃል ነው፣ ምንም እንኳ ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆን። ደብዛዛዎቹ የመቃብር ፎቶዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሱናል። ምስልም ይሞታል። ካልጠበቁት፣ ስሙን ካልጻፉበት፣ ማን እንደነበረ የሚያውቅ ይጠፋል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ አብዛኞቻችሁ ወይም ወላጆቻችሁ ስልካችሁ ላይ ካሜራ አላችሁ። ሞሐመድ አሚን ተሸክሞት ከዞረው ካሜራ ይልቅ የቀለለ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን አልቀለለም። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ ስታዩ አራት ነገር ጠይቁ። ካሜራውን የያዘው ማን ነው፣ የቆመውስ የት ነው? ከምስሉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው? የተነሣው ሰው ፈቅዷል ወይ፣ ስሙስ ተጽፏል? ምስሉ የተሠራው ለማን እንዲታይ ነው? ራሳችሁም ስታነሡ እነዚሁኑ ጥያቄዎች ለራሳችሁ አቅርቡ። በተለይ የወደቀ ጓደኛን፣ ያለቀሰ ሕፃንን፣ መንገድ ላይ የተኛ ሰውን ለሳቅ አንሥቶ ማሰራጨት ከላይ ያየነውን በደል በትንሹ መድገም ነው።

ማንነታችሁን በፎቶ ለመግለጽም ባንዲራ መያዝ ወይም የባህል ልብስ መከራየት አያስፈልጋችሁም። እናንተ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ጓሮ ላይ ስዋሂሊ የምትናገሩ ልጆች ናችሁ። እሑድ ጠዋት ነጠላ አጣፍቶ ማታቱ የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ከሱኩማ ጎን የተቀመጠ ሽሮ፣ የአያት ድምፅ ከስልክ ሲመጣ ዙሪያውን የሚሰበሰብ ቤት፣ ይህ ሁሉ የእናንተ ነው። ከእናንተ በቀር ማንም በትክክል ሊያነሣው አይችልም። አይዳ በተለያዩ አገሮች ማደጓ ማንነቷን አላሳነሰውም፤ የምታይበትን ዓይን ጨመረላት እንጂ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከእናንተም አንድ ነገር እንለምናለን። በየቤታችሁ ሻንጣ ውስጥ፣ በቢስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በአሮጌ አልበም ውስጥ ያሉትን የቤተሰብ ፎቶዎች ከልጆቻችሁ ጋር አውጥታችሁ እዩ። በጀርባቸው ላይ በእርሳስ የሰውየውን ሙሉ ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። ማን እንዳነሣው ካወቃችሁ እርሱንም ጨምሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች እንዲህ ያሉ የቤተሰብ ፎቶዎችን ከየሰዉ ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል፤ መጽሐፉን የሚያገላብጥ ሁሉ የከተማዋን ሰው እንደ ራሱ ዘመድ ያየዋል። እኛም ይህን በትንሹ ልንሠራው እንችላለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቆየ የቤተሰብ ፎቶና ራሱ ያነሣውን አንድ አዲስ ፎቶ፣ ከግማሽ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ጋር እንዲያቀርብ አስበናል። ማብራሪያው ማን እንዳለበት፣ ማን እንዳነሣውና ከምስሉ ውጭ ምን እንደቀረ ይናገራል። የቀረቡትም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰቅለው ለሁላችን ይታያሉ። እስከዚያው ድረስ ክረምቱን ሻንጣዎቹን እየከፈታችሁ፣ ያሉትን ሰዎች በስማቸው እየጠራችሁ ቆዩን።